ዓሣው የመሰከረበት ፋጉሎ

እ.ኤ.አ. በ1960 በምዕራብ አሜሪካ የዓሣ ማራቢያዎች ውስጥ ትራውት የተባለው ዓሣ ሆዱ በተከፈተ ቁጥር ጉበቱ እባጭ ወርሶት ይገኝ ጀመር። ሲመረመር ካንሰር ሆነ። በአንድ ማራቢያ ብቻ ቢታይ እንደ አጋጣሚ ይታለፍ ነበር፤ ግን እዚህም እዚያም ተመሳሳይ ወሬ ተሰማ። አንዱ ዓሣ ለሌላው የሚያጋባው በሽታ ይሆን? ወይስ ውኃው ተበክሎ?

በወንዝ የሚኖሩት ትራውቶች ግን ጤነኞች ነበሩ። ታዲያ ማራቢያው ውስጥ ምን ተለወጠ? ቀድሞ ዓሦቹ የሚቀለቡት ጉበትና የቄራ ተረፈ ምርት ነበር። በ1950ዎቹ ግን ለማጓጓዝም ለማከማቸትም የሚቀለው ደረቅ እንክብል መኖ ቦታውን ያዘ። ጥርጣሬው ወደ መኖው ከረጢት ዞረ።

የትራውቱ ካንሰር በታየበት በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ100,000 የሚበልጡ የተርኪ ዶሮ ጫጩቶች አለቁ። በሽታው ስም ስላልተገኘለት “ኤክስ” ተባለ። ዱካው ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ አደረሰ። ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎበት ነበር፤ የሚያመነጨውም መርዝ ከሻጋታው ስም ተቆርሶ አፍላቶክሲን ተባለ።

አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት የዓሣ ሥነ ምግብ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ጆን ሃልቨርና በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራስል ሲንሁበር የትራውቱን መኖ በየዓይነቱ እየለዩ መረመሩ። ጣት የተቀሰረበት የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ነበር። ጤነኛ ትራውቶች ንጹሕ አፍላቶክሲን የተቀላቀለበት መኖ ሲበሉ ያው እባጭ ጉበታቸው ላይ ወጣ። ይበልጥ ያስደነገጠው መጠኑ ነው፤ በ10,000 ኩንታል መኖ ውስጥ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ መርዝ ለትራውት ካንሰር በቃ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የጥጥ ፍሬ ዘይት ውስጥ በተፈጥሮ ያሉ የተለዩ የስብ አሲዶች የመርዙን ጉዳት እንደሚያባብሱ ታወቀ። ሻጋታው ያመጣውን ፍሬው ራሱ ያጎላው ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ እንቁላል ወረደ። ተመራማሪዎች ገና ያልተፈለፈለ የትራውት እንቁላል አፍላቶክሲን ባለበት ውኃ ለአጭር ጊዜ ነክረው ወደ ንጹሕ ውኃ መለሱት። ዓሦቹ ካደጉ በኋላ ጉበታቸው ላይ እባጭ ወጣ። ጉዳቱ ግን ካንሰር ብቻ አልነበረም። ሰውነታቸው አንዴ ያየውን እንግዳ ነገር አስታውሶ ፀረ እንግዳ አካላትን አብዝቶ የማምረት ኃይሉ ተዳክሞ ተገኘ። መርዙ አልፎ ከሄደ ከብዙ ወራት በኋላም በሽታን የመከላከል አቅማቸው እንደተጎዳ ቀርቶ ነበር።

መርዝ በመኖ ከገባ፣ መድኃኒቱስ በመኖ አይገባም? በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ቤይሊና ባልደረቦቻቸው ከቅጠል አረንጓዴ ቀለም የሚሠራውን ክሎሮፊሊን ከመኖ ጋር ቀላቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት እባጩ በእጅጉ እንደቀነሰ አሳየ። ክሎሮፊሊኑ መርዙን ሆድ ውስጥ አጥብቆ ይይዘዋል፤ መርዙም ወደ ደም ሳይገባ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከዚያ ሙከራው ከዓሣ ወደ ሰው ተሻገረ። የጉበት ካንሰር በበረታባት የቻይናዋ ቺዶንግ 180 ሰዎች ለአራት ወር ተፈተኑ። ክሎሮፊሊን በወሰዱት ሰዎች ሽንት ውስጥ መርዙ በዘረ መል ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚያሳየው ምልክት በ55 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ከእኛ በረት ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ሁሉም ላይ ከአፍላቶክሲን የሚመነጭ ርዝራዥ አገኘ። ዋናው ምንጭ ለላም የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይኸው ፋጉሎ በአገራችን ለቆሮሶ ዓሣ መኖም ይውላል። ቆሮሶ እንደ ትራውት በቀላሉ አይሸነፍም፤ ቢሆንም መርዝ የማይነካው ጉበት የለም።

የሚጨመር ንጥረ ነገር ይረዳል፤ የሻገተ ከረጢትን ግን አያነጻም። አፍላቶክሲን በምግብ ማብሰያ ሙቀት በቀላሉ አይጠፋም፣ በዓይንም አይታይም፤ የሻገተውን ገጽ ጠርጎ የቀረውን መስጠትም ማዳን አይደለም። ስለዚህ ዓሣ የምታረቡ፣ ላም የምታልቡ ሁሉ፦ ፋጉሎውን ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት፤ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። የሻገተውንም ለዓሣም ለላምም ለዶሮም አትስጡ።