መልአኩ፣ ጋኔኑና አማላጁ ሰው፦ ስለ አንድ ያልተጠበቀ ወዳጅነት

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉ የሚናገረው ስለ ሰው ምርጫ ነው። ለመሆኑ መልአኩ ራሱ ሰይጣኑን ቢያውቀውስ? ከማወቅም አልፎ ለሺህ ዓመታት ቢላመደው ምን ይከተላል? ይህን ጥያቄ በቀልድ መልክ፣ ቁም ነገሩን ግን ሳይለቁ ያነሡት ሁለት እንግሊዛውያን ደራስያን፣ ቴሪ ፕራቼትና ኒል ጌይማን ናቸው። በጋራ የጻፉት «ጉድ ኦሜንስ» የተሰኘ ልብ ወለድ በ1990 ታተመ፤ በ2019 ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የወዳጅነቱን መነሻና አካሄድ ማስረዳት፣ ቀጥሎም ተቀራራቢ ጉዳይ ካነሡ ሁለት የግዕዝ መጻሕፍት ጋር ማነጻጸር ነው። ንጽጽሩ ለስደተኛው ምሁር የሚነግረው ነገር እንዳለ ጸሐፊው ያምናል።

ሀ. ከገነት ቅጥር እስከ ለንደን

በልብ ወለዱ አዚራፌል የተባለው መልአክ የኤደንን ምሥራቃዊ በር በነበልባላዊ ሰይፍ ይጠብቅ ነበር። ክራውሊ የተባለው ጋኔን ደግሞ ሔዋንን ያሳታት እባብ ነው። አዳምና ሔዋን ከገነት ሲወጡ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይመለከታሉ። መልአኩ ብርዱና አውሬው አሳስቦት፣ ሔዋንም ነፍሰ ጡር መሆኗን አይቶ ሰይፉን ሰጥቷቸዋል፤ በዚህም አጥፍቶ እንደሆነ ይጨነቃል። ጋኔኑ በበኩሉ ሳያውቀው መልካም ነገር ሠርቶ እንዳይሆን ይጠራጠራል። ወዳጅነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከጋራ እምነት ሳይሆን ከጋራ ጥርጣሬ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም በምድር ላይ ተመድበው ይኖራሉ። አንዱ ሊባርክ፣ ሌላው ሊያስት ወደ አንድ አገር ይሄዳሉ፤ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያፈርሳል፤ ውጤቱም ባዶ ይሆናል። ይህን ካስተዋሉ በኋላ በመካከለኛው ዘመን አንድ ውል ይዋዋላሉ። አንዳቸው ወደ አንድ ቦታ ከሄዱ የሁለቱንም ሥራ ይሠራሉ፤ ለየአለቆቻቸውም ተገቢው ዘገባ ይቀርባል። በቴሌቪዥኑ ድራማ ውስጥ በ1601 ወደ ኤዲንብራ ማን እንደሚሄድ በሳንቲም ዕጣ ሲጣጣሉ እናያለን። በዚያው ድራማ በ1941 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ ጋኔኑ የተቀደሰው መሬት እግሩን እያቃጠለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መልአኩን ያድነዋል፤ የሚወዳቸውንም መጻሕፍት ከእሳት ያተርፍለታል። የወዳጅ ምልክቱ ይህ ነው፦ ወዳጁ ምን እንደሚወድ ማወቁ።

የዚህ ቅርርብ ምክንያት ምንድን ነው? መጽሐፉ የታተመው የበርሊን ግንብ በፈረሰ ማግሥት ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት የለንደኑ ሴንት ጄምስ ፓርክም የየአገሩ ሰላዮች በምስጢር የሚገናኙበት ስፍራ ሆኖ ተሥሏል፤ ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ሰላዮች የሚጥሉላቸውን ዳቦ ለምደዋል። ደራስያኑ እንዳዩት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ርቆ ለረጅም ዘመን በባዕድ ምድር የኖረ መልእክተኛ፣ ከላኩት አለቆች ይልቅ ከፊቱ የቆመው ባላንጣ ይቀርበዋል። ብቸኝነቱን፣ የአገሩን ምግብ፣ የሰዉን ጠባይ የሚያውቅለት ያ ባላንጣ ብቻ ነውና። አለቆቹ ግን ምድርን የሚያውቋት በካርታ ነው።

ለ. የመጨረሻው ሙግት

የዓለም ፍጻሜ ሲቃረብ ልዩነቱ ገሃድ ይወጣል። የሰማይና የሲኦል ሠራዊት ጦርነቱን በጉጉት ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዱ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነው። ምድር እንድትተርፍ የሚፈልጉት በላይዋ የኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሐሳዊ መሲሕ የሚሆነውን ሕፃን በመልካምም በክፉም ምክር እኩል ለማሳደግ ይስማማሉ። ነገር ግን ሕፃናቱ ሲወለዱ ተለዋውጠው ኖሮ፣ ለዓመታት የደከሙት በተሳሳተ ልጅ ላይ ነበር። እውነተኛው ልጅ መልአክም ጋኔንም ሳይደርስበት በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ሰው ሆኖ አደገ። ዓለምንም ያተረፋት የእርሱ እምቢታ ነው።

ታዲያ የሁለቱ ድካም ከንቱ ነበር? አልነበረም። በመጨረሻው ሰዓት ከሰማይ ቃል አቀባይ ከሜታትሮንና ከሲኦል መልእክተኛ ከብዔል ዜቡል ፊት ቆመው ስለ ሰው ልጅ ይሟገታሉ። የተጻፈው ዕቅድና ሊመረመር የማይችለው የፈጣሪ ፈቃድ አንድ ለመሆናቸው ማስረጃ አላችሁን? ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም አለቆች መልስ ያጣሉ።

ሐ. በግዕዝ መጻሕፍት አማላጁ ሰው ነው

ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ጉዳዩን ከተቃራኒው አቅጣጫ ያቀርበዋል። በሄርሞን ተራራ ላይ የወረዱት ሁለት መቶ ትጉሃን ከወደቁ በኋላ ምሕረት እንዲለምንላቸው ሄኖክን ይማጠናሉ። ሄኖክ ልመናቸውን ጽፎ ያቀርባል። የሚሰጠው መልስ ግን ከባድ ነው፦ ስለ ሰው መለመን የሚገባችሁ እናንተ ነበራችሁ እንጂ ሰው ስለ እናንተ አይለምንም ይላል በይዘቱ።

ሁለተኛው ምስክር ገድለ ክርስቶስ ሠምራ ነው፤ የግዕዙን ጽሑፍ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 አሳትሞታል። በአሥራ አምስተኛው ምእት ዓመት የነበሩት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የሰው ልጅ መከራ መነሻው በፈጣሪና በሰይጣን መካከል ያለው ጠብ ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ እንደ አገራቸው ባህል ሽማግሌ ሆነው ሊያስታርቁ ይነሣሉ። ወደ ሲኦል ወርደው ሰይጣንን ለዕርቅ ሲጠሩት ግን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥልቁ ይጎትታቸዋል፤ ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ያወጣቸዋል፤ በርካታ ነፍሳትም አብረዋቸው ይወጣሉ። ዕርቁ አልተሳካም፤ ነገር ግን በዕርቁ ሙከራ ሰው ዳነ።

በአይሁድ ትውፊት፣ ሦስተኛው መጽሐፈ ሄኖክ በሚባለው ድርሰት፣ ሜታትሮን ወደ ሰማይ ከተወሰደ በኋላ ወደ መልአክነት የተለወጠው ሄኖክ ራሱ ነው። እንግዲህ ንጽጽሩን ከዚህ ላይ ማየት ይቻላል፦ ጥንት ስለ ወደቁት መላእክት የለመነው ሰው በልብ ወለዱ የሰማይ ባለሥልጣን ሆኗል፤ በፊቱ ቆመው ስለ ሰው የሚለምኑት ደግሞ መልአክና ጋኔን ናቸው። ለትጉሃኑ የተሰጠው ወቀሳ ከብዙ ዘመን በኋላ በቀልድ መልክ ተፈጸመ ማለት ነው። ይህ ሲባል ግን ሰማይና ሲኦል ታርቀዋል ማለት አይደለም። መልአኩ መልአክ፣ ጋኔኑም ጋኔን እንደሆኑ ይኖራሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ለማን መሟገት እንደሚገባቸው ማወቃቸው ነው።

ይህ ጸሐፊ ተማሪ በነበረበት ከተማ ሁለት ታላላቆቻችን ይኖሩ ነበር። በአብዮቱ ዘመን በተፋጁ ሁለት ድርጅቶች ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ገበያ እየገበዩ ሰላምታ አልተለዋወጡም። ያስታረቃቸው ሽማግሌም አልነበረም። የአንደኛው ባለቤት ባረፉ ጊዜ ሌላው ለቅሶ መጡ፤ ሦስት ቀን አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደተነጋገሩ በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ስለ ድርጅት አንድም ቃል አልተነሣ፤ የተነሣው የልጆቻችን አማርኛ መጥፋት ነው» አሉኝ።

ድርጅቶቻቸው እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ከመካከላችን ያን ዕርቅ የሚጠብቅ ገና ብዙ ነው። ሁለቱ አዛውንት ግን እርሱን ሳይጠብቁ በዚያው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ፤ አንዱ ሲታመሙ የአንዱን ተራ ሌላው ይሸፍኑ ነበር።