በበርሜል ውስጥ የሚቆጠር ዘመን፦ የግሌንድሮናክ ውስኪና የትነት ሒሳብ

በውስኪ ጠርሙስ ላይ «12 ዓመት» የሚል ጽሑፍ ሲታይ ብዙዎች የመጠጡን ትክክለኛ ዕድሜ የሚገልጽ ይመስላቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግሌንድሮናክ የተባለውን የስኮትላንድ ፋብሪካ ታሪክ መነሻ በማድረግ የዚህን ቁጥር ትርጉም፣ እንዲሁም በበርሜሉ ውስጥ የሚከናወነውን ሂደት ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ግሌንድሮናክ በጄምስ አላርዳይስና በሸሪኮቹ አማካይነት በ1826 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚገኘውም በአበርዲንሽር፣ ከሀንትሊ ከተማ አቅራቢያ ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ1823 ባወጣው ሕግ ፈቃድ ይዞ መሥራት ስለቀለለ፣ በዚያ ዘመን በርካታ ፋብሪካዎች ተመሥርተዋል። ሲንግል ሞልት የሚባለው ውስኪ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚመረት ነው። መሠረቱ በአገራችን አረቄ ሲወጣ ከምናየው አይለይም፤ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ውኃ ግን በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ከጥንስሱ የሚወጣው ትነት በአልኮል የበለጸገ ይሆናል። ትነቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ይህም በመዳብ ጋኖች ሁለት ጊዜ ይደገማል። መዳቡ ሽታ የሚያበላሹ የድኝ ውሕዶችን ይቀንሳል። ግሌንድሮናክ ጋኖቹን እስከ 2005 ድረስ በድንጋይ ከሰል እሳት ያሞቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንፋሎት ተዛውሯል።

ከጋኑ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ውኃ የጠራ ነው። በሕጉ መሠረት የስኮትላንድ ውስኪ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። ግሌንድሮናክ የታወቀው ሼሪ በተባለው የስፔን ወይን በራሱ በርሜሎች ነው። አልኮሉ ከእንጨቱ ቀለምና ጣዕም ሲያወጣ፣ በእንጨቱ ውስጥ የሰረገው ወይን ደግሞ የዘቢብ መዓዛ ይሰጠዋል። ቀደም ሲል ሼሪ በበርሜል ወደ ብሪታንያ ይጫን ስለነበር ባዶ በርሜል በቀላሉ ይገኝ ነበር። ይህ ልማድ በ1980ዎቹ በመቅረቱ፣ ዛሬ በርሜሎቹ በትእዛዝ ተሠርተው ሼሪ እንዲይዙ ይደረጋል።

በርሜሉ ግን ይተነፍሳል። በስኮትላንድ ከይዘቱ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ በእንጨቱ በኩል ይተናል፤ ባለሙያዎች ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ በመሆኑ ውኃው በቀላሉ አይተንም፤ ስለዚህ አልኮሉ ይበልጥ ይቀንሳል። እንደ ኬንታኪ ባለ ሞቃትና ደረቅ መጋዘን ግን ውኃው ፈጥኖ ስለሚወጣ የአልኮሉ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። በየዓመቱ የሚቀነሰው ከቀረው ላይ በመሆኑ፣ 500 ሊትር የያዘ በርሜል ከ12 ዓመት በኋላ 392፣ ከ16 ዓመት በኋላ 362 ሊትር ያህል ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩና ሒሳቡ ይገናኛሉ። ፋብሪካው በ1996 ተዘግቶ በ2002 ዳግም ተከፈተ። በ2013 የሚታሸግ የ12 ዓመት ውስኪ የግድ በ2001 ወይም ከዚያ በፊት የተመረተ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ከ1996 እስከ 2002 አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ስለዚህ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በውስጡ ካሉት የታናሹ ዝቅተኛ ወሰን እንጂ አማካይ ዕድሜ አይደለም። ገዢው ከተጻፈው በላይ ያረጀ ውስኪ አገኘ፤ ፋብሪካው ግን በእያንዳንዱ በርሜል 30 ሊትር ያህል ተጨማሪ ለአየር ገበረ።

ለማጠቃለል፣ ፋብሪካው በ2008 ለቤንሪያክ ኩባንያ፣ በ2016 ደግሞ ብራውን ፎርማን ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሸጧል። ሕንፃው፣ ጋኖቹና በርሜሎቹ በገንዘብ ተገዝተዋል፤ ያለ ሥራ ያለፉትን ስድስት ዓመታት ግን ማንም ሊገዛቸው አልቻለም።