የአንድ ክንድ ስፋት

«ጠጋ በሉ!» የምትለው አጭር ቃል በአገራችን ምን ያህል ኃይል እንዳላት በሚኒባስ ታክሲ ያልተሳፈረ ሰው አይረዳውም። ለሦስት ሰው በተሠራ መቀመጫ ላይ አራተኛው ሲጨመር፣ ሁሉም ትከሻውን ያጠብባል፤ ዘንቢል የያዘችውም ዘንቢሏን ከጉልበቷ ላይ ታወጣለች፤ ጉዞውም ይቀጥላል። አዲስ ገቢውን «ኪሎህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይኸው ሰው አውሮፕላን በተሳፈረ ጊዜ ግን ጠባዩ ይለወጣል። በመሳፈሪያ ካርዱ ላይ የተጻፈችው ቁጥር የርስት ድንበር ትመስለዋለች፤ የጎረቤቱ ክርን ድንበሯን ከተሻገረ ልቡ ለሙግት ይነሣል። ውድ አንባቢያን፣ የሚከተለው ታሪክ የቀረበው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። በዚህ ጥፋት የተገኘሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በሌሊት በረራ ስመለስ፣ የደረሰኝ መቀመጫ ከሦስቱ መካከል የመሐሉ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው ወጣት ገና ከመቀመጡ እንቅልፍ ወስዶታል። በመተላለፊያው በኩል ያለው መቀመጫ ባዶ ነበርና እንደ ባዶ እንዲቀር በልቤ እመኝ ጀመር። በዚህ መካከል ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ሰውነታቸው እጅግ የገዘፈ አንዲት እናት ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ የመደዳውን ቁጥር እያዩ መጡ። በየመደዳው የተቀመጠው ሰው «ከእኔ ዘንድ ባልሆነ» በሚል ዓይን ይከተላቸው ነበር። እኔም እንዲሁ። እርሳቸው ግን አጠገቤ ቆሙና «ይቅርታህን ልጄ፣ ቦታዬ እዚህ መሰለኝ» አሉ።

በተቀመጡ ጊዜ በመካከላችን ያለው የክንድ መደገፊያ አልወርድ አለ። ቀበቶውም አልደረሰም፤ አስተናጋጇን በዓይን ጠርተው በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገሯት፤ እርሷም የቀበቶ መቀጠያ አመጣችላቸው። እኔ ግን ለሰላምታቸው እንኳ በወጉ መልስ ሳልሰጥ ተነሥቼ ወደ አስተናጋጇ ሄድኩ። ዝቅ ያለ በመሰለኝ ድምፅ «እዚያ መቀመጥ አይቻልም፤ ሌላ ቦታ ካለ ቀይሪኝ» አልኳት። አውሮፕላኑ ሙሉ ነበር። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ቃሌ ከጆሯቸው መድረሱን ከፊታቸው ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት መርሳት አልችልም። እኒያ እናት ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ አጥብቀው ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ሰውነታቸውን ወደ መተላለፊያው አዘንብለው ተቀመጡ። የምግብ ጋሪው ባለፈ ቁጥር ትከሻቸውን ይገጫቸዋል፤ እርሳቸው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ምግብ ሲታደል የፊታቸውን ጠረጴዛ ዝቅ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ ከሆዳቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ፈጥነው መለሱትና «ጾም ነኝ» አሉ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ወቅቱም የፍስክ ነበር። ውኃም ቀረበላቸው፤ አልተቀበሉም።

ጋሪው ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጫቸው ዝም ማለት አልቻልኩም። «እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ አንተን አስጨነቅሁህ።»

«ግድ የለም፣ ጠጋ ይበሉ።»

ጠጋ አሉ፤ ረጅም ትንፋሽም ተነፈሱ። ቀስ በቀስም ነገሩን አጫወቱኝ። ተሰናብተዋት የሚመለሱት ሴት ልጃቸው በዚያች ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። «ሁለት ቦታ ልግዛልሽ ብላኝ ነበር። የሰው ወለል ጠርጋ ያገኘችውን ገንዘብ ለእኔ ውፍረት ትክፈል? እንቢ አልኳት» አሉ። ውኃውን ያልተቀበሉበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመፀዳጃው በር ለእኔ ጠባብ ነው፤ ስመጣ አይቼዋለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣሁም» ብለው መለሱልኝ።

አስተናጋጇን ጠርቼ ምግባቸውን እንድታመጣ ለመንኩ፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይም አስቀመጥነው። «ጾሙን ይፍቱት እንግዲህ» ብላቸው ሣቁ። ከአንድ ገበታ በላን። አዲስ አበባ ስንደርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትከሻህን አሳመምኩህ» ብለው ተሰናበቱኝ። ትከሻዬ በእርግጥ ሁለት ቀን አሞኛል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ጭንቀቱ እውነት ነው። ጥያቄው ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው።

ልኩን ማን ወሰነው?

በተለመደው ማዕረግ የአንድ መቀመጫ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም አባቶቻችን ሸማ ሲለኩበት እንደ ኖሩት፣ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ የሚደርስ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ወፍራም ሊባል የማይችል ወንድ እንኳ ትከሻው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሰፋል።

የቦይንግ 737 አውሮፕላን የውስጥ ወርድ 3 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ስድስት መቀመጫዎችና አንድ መተላለፊያ በዚያ ውስጥ ይደረደራሉ። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተነደፈው ከቦይንግ 707 የተወረሰ ነው። የኤርባስ ኤ320 የውስጥ ወርድ 3 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ለስድስት መንገደኛ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ቦይንግ 777 እ.ኤ.አ. በ1995 አገልግሎት ሲጀምር አብዛኞቹ ኩባንያዎች በአንድ መደዳ ዘጠኝ ሰው ያስቀምጡበት ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ዐሥር አደረጉት። አውሮፕላኑ አልሰፋም፤ ሰውም አልቀጠነም፤ የተለወጠው የሒሳብ መዝገቡ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንዲት የክንድ መደገፊያ ላይ ሲፋጠጡ፣ ልኩን የወሰነው ሦስተኛው ወገን ከአጠገባቸው የለም።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ፣ የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለደኅንነት የሚበቃውን ዝቅተኛ የመቀመጫ ልክ እንዲወስን አዘዘ። ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2022 የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ከ26,000 በላይ ሰዎች ጻፉ። ይሁን እንጂ ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላም ልኩ ሳይወሰን ቆይቷል። በካናዳ ደግሞ የትራንስፖርት ጉዳይ ዳኛ የሆነው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 «ለአንድ ሰው አንድ ዋጋ» የሚል ውሳኔ ሰጠ። በዚህም መሠረት ከውፍረት የተነሣ የአካል ጉዳተኛ ሆኖ ሁለተኛ መቀመጫ የሚያስፈልገው መንገደኛ በአገር ውስጥ በረራ ተጨማሪ ዋጋ እንዳይጠየቅ ተደረገ። በአንጻሩ ሳሞአ ኤር የተባለው አነስተኛ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 መንገደኞቹን እየመዘነ በኪሎ ሲያስከፍል የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

የሰውን ክብደት ማወቅ ራሱ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 በአሜሪካ ሻርለት ከተማ አንድ ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን ተነሥቶ ሲወድቅ በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች ሁሉ አልቀዋል። በምርመራው እንደ ተረጋገጠው፣ የጅራቱ መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ጊዜ በትክክል አልተስተካከለም ነበር፤ በዚያም ላይ የመንገደኛው ክብደት በአሮጌ አማካይ ግምት በመሰላቱ ጭነቱ ከልክ አልፎ ወደ ኋላ አመዝኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ግምቱ እንዲታረም ተደረገ። ጥፋቱ የመንገደኞቹ አልነበረም። የኒው ዚላንድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ጥናት ፈቃደኛ መንገደኞችን ሲመዝን፣ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይ አድርጎ ነበር። ሰውን ሳያሳፍሩ መመዘን እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ሙሉ ትጥቅ የያዘ ወታደር

የጦሩ አባላት በዚህ ነገር ከማንም የበለጠ ልምድ አላቸው። በአንቶኖቭ 12 ወይም በሲ-130 የተጓጓዘ ወታደር የሸራውን አግዳሚ ያውቀዋል፤ በመካከሉ መደገፊያ የለም፤ የእኔና የአንተ የሚባል ድንበርም የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖችም ቢሆኑ የሸራ መቀመጫዎቻቸው በግራና በቀኝ ተዘርግተው፣ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰር ነበር።

በዚያ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ወታደር የጀርባ ሻንጣውን፣ ኮዳውን፣ ጥይቱንና መሣሪያውን ይዟል። ሙሉ ትጥቅ የያዘ ሰው ሁሉ ወፍራም ነው። ይሁን እንጂ ጓደኛው ሸክሙን አይቶ ጉልበቱን ያጥፍለታል እንጂ «ቀይሩኝ» ብሎ አይነሣም። የጓደኛው ትጥቅ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና ነው። የእኒያን እናት ሸክም ግን አላወቅሁም፤ ለማወቅም ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለነገሩስ ባላውቀውስ? ሰው በአጠገባችን እንዲቀመጥ የሕይወት ታሪኩን ማስረዳት አይኖርበትም።

አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ለረጅም ዘመን «ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል» ማለት የምስጋና ቃል ነበር፤ «ምነው ከሳህ?» ማለት ደግሞ የሐሳብ። ዛሬ ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳርና ለደም ግፊት እንደሚያጋልጥ ያስተምሩናል፤ ትምህርቱም እውነት ነው፤ በየቤታችንም ልንሠራበት ይገባል። ነገር ግን የጤና ምክር ሥፍራው የሐኪም ክፍልና የቤተሰብ ገበታ እንጂ የአውሮፕላን መተላለፊያ አይደለም።

ለቤተሰብ ጥቂት ምክር

ገዘፍ ያሉ ወላጆችን በአውሮፕላን የምንልክ ልጆች፣ ቲኬቱ ሲቆረጥ ሁለተኛ መቀመጫን በሚመለከት የኩባንያው ደንብ ምን እንደሚል አስቀድመን እንጠይቅ፤ ደንቡ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያልና። በረራው ያልሞላበትን ቀን እንምረጥ። የቀበቶ መቀጠያ በነጻ የሚሰጥ መሆኑን እንንገራቸው፤ ገና በሩ ላይ አስተናጋጇን ቢጠይቁ በሰው ፊት ከመጨነቅ ይድናሉ። ውኃ ሳይጠጡ ረጅም መንገድ መጓዝ ለጤና ጎጂ መሆኑንም እናስገንዝባቸው፤ በእግራቸው ላይ ደም እንዳይረጋ በየጊዜው ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ እንምከራቸው።

በአጠገባቸው ለምንቀመጠውም ድርሻ አለን። መጀመሪያ ሰላምታ እንስጥ። የክንድ መደገፊያው ይነሣ ወይስ ይውረድ የሚለውን ተነጋግረን እንወስን። ጭንቀቱ በእውነት ከበረታብን ቦታ እንዲቀየርልን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ነገር ግን ርቀን ሄደን፣ ባለቤቱ በማይሰማበት ሥፍራ ይሁን። የመቀመጫውን መጥበብ በተመለከተ ቅሬታችንን ለኩባንያው እንጻፍ፤ ለጎረቤታችን ግን ቅሬታ አናሳየው።

ወላጆቻችን ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉ ነበር። በአውሮፕላን ውስጥ ቀበቶ ታስሮ ብድግ ማለት አይመችም። «ጠጋ ይበሉ» ማለት ግን ይቻላል። የመቀመጫው ስፋት አንድ ክንድ ነው፤ ከዚያ አናሰፋውም። ሆድ ግን ከአገር ይሰፋል።