የፕላስቲኩን ኤፍ-5 ወደ እውነተኛው ማቅረብ

በ1969 ዓ.ም. ክረምት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሶማሊያን ሚግ-21 ጄቶች የገጠመው አውሮፕላን፣ ኖርዝሮፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ኤፍ-5ኢ ታይገር 2 ነበር። እውነተኛው 14.45 ሜትር ይረዝማል። 1 ለ 72 በሚባለው መጠን የተሠራው የፕላስቲክ ሞዴል ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሞዴሉ በካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ይመጣል፤ ገዢው ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ላይ እየቆረጠ፣ እያጣበቀና እየቀባ ራሱ ይገጣጥማቸዋል። እዚህ የማስተዋውቀው ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለውን ሥራ ነው፦ ፋብሪካው የሰጠውን መርምሮ፣ ስሕተቱን አግኝቶ፣ ትክክለኛውን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ማረም።

ስሕተቱ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ኩባንያዎች አንድ ጊዜ ያሠሩትን ለአሥርት ዓመታት ይሸጡበታል። የካርቶኑ ሥዕል ይታደሳል፤ ውስጡ ግን ያው የድሮው ነው። በቀድሞው ጊዜ ብዙ ሞዴሎች የተነደፉት ከታተሙ ሥዕሎች ላይ እየተለካ ስለነበር የሠዓሊው ስሕተት እንዳለ ወደ ፕላስቲኩ ተሻግሯል። ፕላስቲክ ከተወሰነ ውፍረት በታች ቀጥኖ መውጣትም ይቸግረዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ለገበያ ሲባል አንዱ ዓይነት አውሮፕላን በሌላው ስም የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ኤፍ-5?» የሚሆነው። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ትውልዶች አብርራለች። ኤፍ-5ኤ እ.ኤ.አ. በ1966 መግባት ጀመረ፤ ኤፍ-5ኢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ደብረ ዘይት ደረሰ። ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሲለኩ ግን ይለያያሉ። የኤፍ-5ኤ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.70 ሜትር ሲሆን የኤፍ-5ኢ 8.13 ሜትር ነው። ኤፍ-5ኢ ወገቡ ሰፋ ያለ ነው፤ ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ፊት የሚዘረጋው ሦስት ማዕዘን ቅጥያም ከኤፍ-5ኤው ይበልጣል። ስለዚህ ኤፍ-5ኤን ምልክት በመለጠፍ ብቻ ኤፍ-5ኢ ማድረግ አይቻልም።

ኤፍ-5ኢም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በኋላ ከተሠሩት ውስጥ አፍንጫቸው እንደ ሻርክ ጠፍጠፍ ያለ አሉ። በ1969ኙ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የተሰለፉት ግን ከዚያ የቀደሙት፣ አፍንጫቸው ክብ የሆነ ናቸው። በካርቶኑ ውስጥ ሁለቱም አፍንጫዎች ከመጡ፣ ለኢትዮጵያው የሚሆነው ክቡ ነው።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ መለካት ይከተላል። ማጣበቂያው ሳይከፈት ክፍሎቹን በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው አያይዞ፣ በካሊፐር መለካት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የእውነተኛውን ልክ ለሞዴሉ መጠን ማካፈል። 14.45 ሜትር ለ72 ሲካፈል 200.7 ሚሊ ሜትር፣ ለ48 ሲካፈል 301 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የኤፍ-5ኢ ክንፍ 8.13 ሜትር የሚሆነው ጫፎቹ ላይ ሚሳይል ሳይጫን ነው፤ ሳይድዋይንደር ሚሳይሎቹ ሲጫኑ 8.53 ሜትር ይደርሳል። በ1 ለ 72 ልዩነቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ደኅናውን ክንፍ «አጥሯል» ብሎ ሊቀጥለው ወይም «ረዝሟል» ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። በርዝመቱም እንዲሁ፣ የተጻፈው ልክ አፍንጫው ላይ ያለችውን ቀጭን የአየር ፍጥነት መለኪያ ዘንግ ይጨምር እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል።

የተገኘው ስሕተት ሁሉ መታረም አለበት ብዬ አላምንም። ከጠቅላላው ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ቢጎድል በእውነተኛው ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማንም ዓይን አይለየውም። ያው አንድ ሚሊ ሜትር ከአብራሪው መስተዋት ክዳን ቁመት ላይ ቢጎድል ግን አውሮፕላኑ ፊቱ ተቀይሮ ሌላ ይሆናል። ጊዜና ገንዘብ መዋል ያለበት ዓይን ቀድሞ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ነው፦ አፍንጫው፣ የመስተዋቱ ክዳን፣ የአየር ማስገቢያዎቹ አፍ፣ የጅራቱ ቁመትና አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበት አኳኋን።

ከቅርጽ ቀጥሎ ውፍረት ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው እርማትም ይህ ነው። የኤፍ-5 ክንፍ በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ ከፊት እስከ ኋላ ካለው ስፋቱ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሞዴሉ ክንፍ የኋላ ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ከወፈረ፣ በእውነተኛው ላይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርዝ ማለት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የላይኛውና የታችኛው የክንፍ ግማሽ ከመጣበቃቸው በፊት የውስጥ ፊታቸውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። ከውጭ የሚታየው መስመር ሳይነካ ጠርዙ ይሳሳል። ለሚሳይሎቹ ክንፎች፣ ለማረፊያ እግር በሮችና ለአየር ማስገቢያዎቹ ከንፈርም ሥራው ያው ነው። በዚህ ብቻ ተራ ሞዴል ሌላ መልክ ሲይዝ ይታያል።

የቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ መስመሮች ሌላው ጉዳይ ናቸው። ሞኖግራም የተባለው ሞዴል አምራች በ1 ለ 48 ያወጣው የቆየ ኤፍ-5ኢ መስመሮቹ ከላይ የተነሡ ናቸው፤ በእውነተኛው ላይ ግን መጋጠሚያ ጠባብ ስንጥቅ እንጂ ጉብታ አይደለም። ስለዚህ ሰሪው ጉብታውን ሞርዶ፣ ጠንካራ ፕላስተር እንደ ማስመሪያ እየተጠቀመ በመርፌ ጫፍ መስመሩን እንደገና ይጭራል። አድካሚ ነው፤ የሞዴሉ ቅርጽ ጥሩ ከሆነ ግን ይገባዋል። በአንጻሩ አዳዲስ ሞዴሎች የተጫረ መስመር ይዘው ቢመጡም አንዳንዴ ይበዛባቸዋል። በ1 ለ 72 ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ መስመር በእውነተኛው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ስንጥቅ ነው፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን አይበርም። ሲቀባ በጥቁር ቀለም ከመሙላት ይልቅ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ማለፍ ይሻላል። ከታይዋኑ ሞዴል አምራች ኤ.ኤፍ.ቪ ክለብ በ1 ለ 48 የወጣው ኤፍ-5ኢ በዚህ በኩል የተሻለ መነሻ ነው። ታይዋን ራሷ በፈቃድ ከ300 በላይ ኤፍ-5ኢና ኤፍ-5ኤፍ ስለገጣጠመች አውሮፕላኑን በቅርብ የምታውቀው አገር ናት።

ዝርዝሩ ከዚህ ይቀጥላል። አፍንጫው ላይ የተገጠሙት ሁለት መድፎች 20 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በ1 ለ 72 የአፈሙዙ ቀዳዳ 0.28 ሚሊ ሜትር ይሆናልና በ0.3 መሰርሰሪያ በእጅ ይበሳል። የሞተሮቹ ጭስ መውጫ በብዙ ሞዴሎች ጥልቀት የለውም፤ ቀጭን ቱቦ ከውስጥ አስገብቶ ማስረዘም ይቻላል። የፊት ማረፊያ እግሩ በመነሻ ጊዜ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ እንዲረዝም የተሠራ ስለሆነ፣ ሞዴሉ ቆሞ የሚታይ ከሆነ እግሩ አጠር ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ተገቢ ነው። ለአብራሪው ወንበር ከሬዚን የተሠራ ምትክ ይሸጣል፤ ሬዚን ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍንጫን ሸፍኖ፣ በውሃ እያረጠቡ መሥራት ግድ ነው። ክፍተት ለመሙላት ልዩ መሙያ ካልተገኘ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ስቱኮ፣ በስሱ ከተቀባ፣ ያገለግላል።

በመጨረሻ ቀለምና ምልክት ይቀራሉ፤ ትልቁ እጥረት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩን በልኬት ማረም ይቻላል፤ የአንድን አውሮፕላን ቀለም ግን ከፎቶግራፍ በቀር የሚናገር የለም። አንድ ጄት ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ከሁለት ዓመት ፀሐይ በኋላና ተጠግኖ እንደገና ሲቀባ መልኩ ሦስት ዓይነት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰሪ «የኢትዮጵያ ኤፍ-5» ብሎ በጅምላ አይቀባም፤ የጅራት ቁጥሩ የታወቀ አንድ አውሮፕላን፣ በአንድ የታወቀ ጊዜ እንደነበረው አድርጎ ይሠራል። የሶማሊያን ጄቶች መትተው ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን አውሮፕላን በግምት ቀለም መቀባት ለእኔ አይዋጥልኝም።

በደብረ ዘይትና በድሬዳዋ ያገለገላችሁ መካኒኮች፣ የጦር መሣሪያ ጫኞችና አብራሪዎች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ በአልበማችሁ ውስጥ ከአውሮፕላን አጠገብ የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ፣ ቢደበዝዝም አትጣሉት። ቦታውን፣ ዓመቱንና የጅራት ቁጥሩን በጀርባው በእርሳስ ጻፉበት፤ ከዚያም በጥራት አስነሥታችሁ ቅጂውን ሞዴል ለሚሠሩ ሰዎች አካፍሉ።