የሕመምተኛው አስተያየትና የጤና ጣቢያው አገልግሎት

ቅር የተሰኘ ደንበኛ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ሲሄድ፣ ነጋዴው ጉድለቱን የሚያውቀው ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የጤና ጣቢያም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

በጣና ዳርቻ የሚገኘው የፎገራ ወረዳ፣ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚህ ሥርዓት አባሉ ገና ሳይታመም መዋጮውን ይከፍላል፤ ታሞ ሲሄድ መድኃኒት ቢያጣ ግን በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ላያድስ ይችላል። አባላት በሸሹ መጠንም ለሁሉ የተጠራቀመው ገንዘብ ይሳሳል።

ስለዚህ ቅሬታ በጊዜው የሚሰማበት መንገድ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በማላዊ በኬር ድርጅት የተጀመረውና ወደ ኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የገባው የማኅበረሰብ የውጤት መስጫ ካርድ ለዚሁ የታሰበ ነው። ነዋሪው ተሰብስቦ የሠራተኛውን ርኅራኄና አክብሮት፣ የወረፋውን ርዝመት፣ የመድኃኒቱን መኖር፣ የአምቡላንሱን አገልግሎትና የግቢውን ንጽሕና መዝኖ ነጥብ ይሰጣል፤ ከኃላፊዎቹም ጋር ፊት ለፊት ይመካከራል።

ነጥብ ብቻውን ግን ባዶ መደርደሪያ አይሞላም፤ የተሰጠው ቃል መፈጸሙ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊጠየቅ ይገባል። ሱቁን ዘግቶ ወረፋ የሚጠብቀው የባሕር ዳር ነጋዴም በዚያ ተገኝቶ ቢናገር፣ ጥቅሙ ለራሱም ለጎረቤቱም ነው።