እንክርዳዱን ለይቶ የሚነቅል መድኃኒት

ካንሰር፥ በቀድሞው አጠራር ነቀርሳ፥ የገባበት ቤተ ሰብ የሚጨነቀው በሕመሙ ብቻ አይደለም፤ በሕክምናውም ክብደት ነው። ብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው መድኃኒት ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ ስለሚመታ፥ እንክርዳዱን ሲነቅል ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል፤ የበሽተኛው ጠጕር የሚረግፈውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጤነኛውን ትቶ የታመመውን ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ሊሠራ ይቻላልን? የኢማቲኒብ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1960 በአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከተማ፥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በዝግታ የሚሄድ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ሕዋስ ሲመረምሩ፥ ከ46ቱ ክሮሞሶሞች አንዱ ከልኩ አጥሮ አገኙት። ክሮሞሶም ማለት የሕዋስ የሥራ ትእዛዝ የሰፈረበት ክር ነው። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባሉ የቺካጎ ሐኪም፥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ተቈርጠው ቍራጫቸውን እንደ ተለዋወጡ አስረዱ። ይህ ጕድለት ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ሰው ከተወለደ በኋላ በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ የሚደርስ ነው።

ሁለቱ ቍራጮች በተጋጠሙበት ስፍራ አንድ እንግዳ ኢንዛይም ይፈጠራል። ኢንዛይም በሕዋስ ውስጥ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ጤነኛው ሲታዘዝ ይሠራል፥ ሲከለከል ያርፋል፤ ይህኛው ግን ዕረፍት የለውም። ኤቲፒ ከሚባለው የኃይል ተሸካሚ ፎስፌት እየወሰደ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ያኖራል፤ ይህም ለሕዋሱ ያለማቋረጥ እንዲባዛ የሚሰጥ ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ ነጩ የደም ሕዋስ ከመጠን ያልፋል።

በስዊስ አገር፥ በባዝል ከተማ፥ በሲባ ጋይጊ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቻቸው፥ ኤቲፒ የሚገባበትን ጕድጓድ የሚዘጋ መድኃኒት ለመሥራት ተነሡ። ነገር ግን በሰው አካል ውስጥ የዚህ ኢንዛይም ዘመዶች ከ500 ይበልጣሉ፥ ኤቲፒንም የሚቀበሉ ናቸው። የሰፈሩ በሮች ሁሉ ቍልፋቸው ቢመሳሰል፥ የጎረቤቱን ሳይነካ የሌባውን በር ብቻ የሚዘጋ ቍልፍ መሥራት ምን ያህል ያስቸግራል! በመጀመሪያ የተገኘው ንጥረ ነገር ያልተፈለገ ሌላ ኢንዛይም ይዘጋ ነበር። ኬሚስቶቹ ግን አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ያለውን ትንሽ ክፍል ቢጨምሩበት ያን መዝጋቱን ተወ። ሌላ ክፍል ቢጨምሩበት ደግሞ በውሃ የሚሟሟ፥ በአፍም የሚወሰድ ሆነ። ኋላም እንደ ታወቀው፥ መድኃኒቱ ኢንዛይሙን የሚይዘው ባረፈበት መልኩ ሳለ ነው፤ በዚያ መልክ ከብዙ ዘመዶቹ ይለያልና።

በ1998 ብራያን ድሩከር የተባሉ የኦሬጎን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰው ላይ ፈተኑት። በ2001 እንደ ተገለጸው፥ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 በሽተኞች የ53ቱ የደም ቍጥር ወደ ልኩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

ሆኖም በሽታው ብልሃት አያጣም። የኢንዛይሙ ጕድጓድ በአንዲት ነጥብ ቢለወጥ መድኃኒቱ አይገባም፤ ለዚህም ዳሳቲኒብ፥ ኒሎቲኒብ፥ በ2012ም ፖናቲኒብ ተከትለው መጡ። ከዚህም በላይ ብዙው ካንሰር የሚነሣው ከአንድ ጕድለት ሳይሆን ከብዙ ስለ ሆነ፥ ይህ መድኃኒት ለሁሉ አይሆንም። መለየቱም ፍጹም አይደለም፤ የዓይን አካባቢ ማበጥ፥ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኰማተር ያመጣል።

ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኢማቲኒብ የሚወስድ ሰው ዳነ መስሎት በራሱ ፈቃድ ቢተው፥ ታስሮ የነበረው ኢንዛይም ይፈታል፥ በሽታውም ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱን መተው የሚቻለው በሐኪም ትእዛዝና በተደጋጋሚ የደም ምርመራ ብቻ ነው። የሚወሰደውም ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ስለ ሆነ፥ በጾም ወራት በሽተኛው አስቀድሞ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ያማክር። አርባ አንድ ዓመት የተደከመበትን ይህን መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ እንዲወስድ ማሳሰብ የቤተ ሰብ ድርሻ ነው።