«ቁጥጥር» እና «ክትትል» በከተማ ባቡር አገልግሎት

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተርጓሚን የሚያስቸግር አንድ ግሥ አለ፤ እርሱም «ተቆጣጠረ» ነው። «ከተማው ባቡሩን ይቆጣጠራል» ስንል ሁለት ፍች ይሰጣል፤ አንደኛው በእጁ አድርጎ ያሠራዋል፣ ሁለተኛው የሌላውን አሠራር ይመረምራል የሚል ነው። ባቡር ሲቆም ተሳፋሪው ለማን አቤት እንደሚል የሚለየው ይኸው ነው፤ ሠሪና መርማሪ በአንድ ግሥ ከተጠሩ ተጠያቂው ይሰወራል።

ስለዚህ ማሠራቱን «ማካሄድ»፣ ጉድለትን በሥልጣን ማረሙን «ቁጥጥር»፣ ያለ ሥልጣን አይቶ ማስታወቁን «ክትትል» ብንለው እንመርጣለን። «ክትትል» ከ«ተከተለ» የወጣ ነውና ማዘዝን አያመለክትም። አከፋፈሉ ሐዲድ ላልደረሰባት ለመካነ ሰላም የውሃ አገልግሎትም ይበጃል።